መንዝሪ ወይስ ለውጪ?

ጥያቄ፦ ልጄ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ናት። የቤት ሥራዋ «5 ሊትር የምግብ ዘይት ወደ ኪሎ ግራም ለውጪ» ይላል። እኔ «ለውጪ» የሚለውን ሰርዤ «መንዝሪ» ብዬ ጻፍኩላት። መምህሯ በቀይ እስክሪብቶ መልሶ «ለውጪ» አደረገው። ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ በዚህ ዓረፍተ ነገር ሁለታችሁም ተሳስታችኋል። በነገሩ ግን ወደ እርስዎ አደላለሁ።

የመቶ ብር ኖት ይዘው በአሥር በአሥር ሲያስመነዝሩ የጎደለብዎ ነገር የለም፤ የበዛው የወረቀቱ ቁጥር ብቻ ነው። 5 ሊትርን 5,000 ሚሊ ሊትር ማለትም ይኸው ነው፤ ዘይቱ ከጀሪካኑ ንቅንቅ አላለም። «ለወጠ» ግን ሌላ ነው። በሬውን በላም የለወጠ ገበሬ ማታ በረት የሚያስገባው ሌላ ከብት ነው። በዚያ ላይ ኬሚስትሪ ቃሉን ለሌላ ሥራ ቀጥሮታል፤ በረዶ ሲቀልጥ አካላዊ ለውጥ፣ እንጨት ሲነድ ኬሚካዊ ለውጥ እንላለን። ልጅቱ በአንዱ ገጽ እንጨት ወደ አመድ ሲለወጥ አንብባ፣ በሚቀጥለው ሊትርን ወደ ሚሊ ሊትር «ለውጪ» ስትባል ግራ ቢገባት አይፈረድባትም።

«መነዘረ የገንዘብ ቃል ነው፤ ደግሞም አመንዝራን ያስታውሳል፤ ለልጆች መጽሐፍ አይመጥንም» የሚሉ አሉ። ስንቴ ሰማሁት! የባንክ ገንዘብ ከፋይ ቀኑን ሙሉ ሲመነዝር ይውላል፤ በቃሉ ያፈረ ደንበኛ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። የገንዘብ ብቻ ነው ለሚሉትም፣ «መስፈርት» ከእህል ተነስቶ የሥራ ቅጥር ማስታወቂያ ላይ ሲወጣ ማን ከለከለው?

አሁን ወደ ስሕተታችሁ ልምጣ። አማርኛ ለልኬት አንድ ግሥ አይበቃውም፤ ቁመት ይለካል፣ ወርቅ ይመዘናል፣ ጤፍ ይሰፈራል። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም እንጂ በመዘኑት ቁና አይባልም። «መዘነ»ን ብንከተለው ሩቅ ይወስደናል። በዓረብኛ ግሡ «ወዘነ» ነው፤ «ሚዛን» የዚህ ግሥ መሣሪያ ስም ነው፤ ዕብራይስጡም «ሞዝናይም» ይላል። የሚዛን «ሚ» እንግዲህ ባዕድ መነሻ ነበረች። በግዕዙ «መዘነ» ግን የሥር ፊደል ሆና ተገኘች፤ እኛም በላይዋ ሌላ «መ» ደርበን «መመዘኛ» እንላለን፣ ካባ በካባ ላይ። ይህን ሁሉ የጥያቄዎ መልስ አይሻውም፤ ሳልጽፈው ግን አላልፍም።

የሚሻው ይህ ነው፦ ምንዛሪ በአንድ ግሥ ክልል ውስጥ ብቻ ይሠራል። የተሰፈረ ወደሚሰፈር፣ የተመዘነ ወደሚመዘን ይመነዘራል። ሊትር መስፈሪያ፣ ኪሎ ግራም መመዘኛ ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር እፍጋት የሚሉት ድልድይ፣ ማለትም የነገሩ አንድ ሊትር ስንት ኪሎ ግራም እንደሚመዝን ማወቅ ያስፈልጋል። አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ ለጀርባ እኩል እንደማይከብዱ የተሸከመ ሁሉ ያውቃል። የምግብ ዘይት በሊትር 0.92 ኪሎ ግራም ያህል ስለሆነ አምስቱ ሊትር 4.6 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። ባለ አምስት ሊትሩን ጀሪካን ከሰፈራችን ባለሱቅ ሚዛን ላይ አውጥቼው ነበር፤ ከነፕላስቲኩ እንኳ አምስት አልሞላም፤ ባለሱቁ ሚዛኑን የጠረጠርኩበት መስሎት ተቆጣኝ። ማር ሲሆን ይገለበጣል፤ አንዱ ሊትር 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል።

መምህሩን ብቻ አልወቅስም። እ.ኤ.አ. በ1901 የመለኪያዎች ዓለም አቀፍ ጉባኤ ራሱ ሊትርን በአንድ ኪሎ ግራም ንጹሕ ውሃ ደነገገው፤ መስፈሪያን በሚዛን ማለት ነው። የተገኘው ሊትር ከአንድ ኩብ ዴሲሜትር (በየጎኑ 10 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ኩብ) ከሚሊዮን 28 እጅ ያህል በለጠ፤ በ1964 ድንጋጌው ተሻረና ሊትር ወደ ኩቡ ተመለሰ።

ፈሳሽ «ይሰፈራል» እንጂ «ይለካል» ባይባል ደስታዬ ነበር። ተከራካሪዬ ግን የአረቄዋን ብርጭቆ አንስቶ «ስሟ ማን ነው?» ቢለኝ «መለኪያ» ከማለት በቀር መልስ የለኝም። በ«ለውጪ»ም ቢሆን መጻሕፍቱ ከመምህሩ ጋር ናቸው፤ ሊትር ወደ ሚሊ ሊትር ሲሆን ለነጥቡ ስትል «ለወጥኩ» ብላ ትጻፍ፤ ቤት ውስጥ «መንዝሪ» ይበሏት። የዘይቱን ጥያቄ ግን እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈው ነበር፦ «የምግብ ዘይት እፍጋት በሊትር 0.92 ኪሎ ግራም ቢሆን፣ 5 ሊትር ዘይት ስንት ኪሎ ግራም ይመዝናል?»