የሸጡት ፈረስ ታመመ ሲባሉ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንጅባራ አካባቢ ነው። የ6 ዓመት ዳማ ፈረስ ነበረኝ፤ አንድ የባሕር ዳር ባለጋሪ ቤቴ ድረስ መጥቶ ገዛኝ። ውል አልጻፍንም፣ ሁለት ጎረቤቶቼ ግን አይተዋል። በ9ኛው ቀን ደወለልኝ። «ፈረሱ ያስላል፣ ወፍራም ንፍጥ ይወጣዋል፣ ከመንጋጋው ሥር አብጧል። በሽተኛ ነው የሸጥክልኝ፤ ብሬን መልስና ውሰደው» አለኝ። እኔ ዘንድ ሳለ አንድም ቀን ታሞ አያውቅም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ የብሩ ነገር ለጥቂት ቀናት ይቆይ። መጀመሪያ ፈረሱ ይታይ። ገዢው ዛሬውኑ የእንስሳት ሐኪም እንዲጠራ ይንገሩት። ሐኪሙ የሚጽፈው ወረቀት ሁለታችሁንም ይጠቅማል፤ ያለ እሱ ሽማግሌም ሆነ ዳኛ የሚይዘው ነገር የለም።

የነገሩኝ ምልክት ስትራንግልስ ወደሚባለው የፈረስ በሽታ ይጠቁማል። በባክቴሪያ የሚመጣ ነው። ከመንጋጋ ሥርና ከጉሮሮ አካባቢ ያሉ እጢዎች ያብጣሉ፣ መግል ይቋጥራሉ፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው ይፈነዳሉ። አብዛኞቹ ፈረሶች ይድናሉ። ትንፋሽ ካጠረው ግን አጣዳፊ ነው፣ ማደር የለበትም። ገዢውን አንድ ነገር ደግሞ ይጠይቁት፦ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ አብጧል? ከአፍንጫው አረፋ ይወጣል? እነዚህ ካሉ የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ሊያየው ይገባል።

አሁን ወደ 9ኛው ቀን እንምጣ። ስትራንግልስ ከተያዘበት ቀን ጀምሮ ምልክት እስኪያሳይ አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 14 ቀን ይወስዳል። ስለዚህ ፈረስዎ እርስዎ ቤት ሳለ ሊያዝ ይችላል፣ መኪና ላይም ሊያዝ ይችላል፣ ባሕር ዳር ከሌሎች የጋሪ ፈረሶች ጋር በአንድ ገንዳ ሲጠጣም እንዲሁ። የቀን ቆጠራው ብቻውን ለማንም አይፈርድም። ከዚያም በላይ፣ ከዚህ በፊት ታሞ የዳነ ፈረስ ከውጭ ሲታይ ፍጹም ጤነኛ ሆኖ ጀርሙን ለወራት ሊሸከም ይችላል። እርስዎ «አልታመመም» ሲሉ እውነት ነው፤ ገዢው «ታሞ ነው የመጣው» ሲልም እየዋሸ ላይሆን ይችላል። «ውሸታም» መባባል ከጀመራችሁ ግን ነገሩ ይበላሻል።

ወደ ራስዎ በረት ይግቡ። የቀሩት ፈረሶችና በቅሎዎች ያስላሉ? ንፍጥ አላቸው? ትኩሳታቸውን ያስለኩ። ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ከዚያ ካለፈ፣ በሽታው እርስዎ ዘንድ ሊኖር ይችላልና ገዢውን ሳይደብቁ ይንገሩት። የጎረቤት ፈረስ ካለም አይቅረብ፤ ገንዳው፣ ልጓሙና ባልዲው ይለይ። ሁሉም ደህና ከሆኑ ደግሞ ይህንኑ ሐኪም አይቶ ይጻፍልዎት።

«ውሰደው» ስላለዎት ብቻ ፈረሱን አሁን መልሰው አያምጡ። ይህን አጥብቄ እነግርዎታለሁ። የታመመ ፈረስ በመኪና ማንገላታት በሽታውን ያብስበታል፤ እርስዎ ደግሞ በሽታውን ተሸክመው ወደ በረትዎ ያስገባሉ። ምልክቱ ከጠፋ በኋላም ቢያንስ ለ3 ሳምንት ማስተላለፍ ይችላል። ገዢው ለይቶ ያቆየው፣ ጋሪ አያስጎትተው፣ ለስላሳ ሣርና ንጹሕ ውሃ ይስጠው። እብጠቱን በቢላ እንዳይበጣ፣ ከመድኃኒት ቤት በግምት መርፌ ገዝቶ እንዳይወጋው ይለምኑት።

ስለ ሕጉ ባጭሩ፦ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስትና እንዲሰጥ ይጠይቃል። ገዢም የተረከበውን መመርመርና ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ማሳወቅ አለበት። የእርስዎ ገዢ አልዘገየም። ዋናው ጥያቄ በሽታው በርክክቡ ጊዜ ነበረ ወይስ በኋላ መጣ የሚለው ነው። እያወቀ ደብቆ የሸጠን ሰው «ከዚህ በኋላ አልጠየቅም» የሚል ውል እንኳ አያድነውም። እርስዎ ግን አልደበቁም።

በእኔ አስተያየት፣ ምንጩ ካልለየ የሕክምናውን ወጪ በግማሽ መካፈል ጥሩ ነው። በርስዎ በረት በሽታው ከተገኘ ግን ሙሉውን ቢሸፍኑ፣ ፈረሱ ካልዳነም የብሩን መመለስ ቢነጋገሩ ተገቢ ይመስለኛል። ሽያጩን ያዩት ጎረቤቶችዎ በሽምግልናው ይቀመጡ፤ የተስማማችሁበትንም በወረቀት አስፍራችሁ ተፈራረሙበት።

ወደፊት ሲሸጡ ከርክክቡ በፊት ገዢው ፈረሱን በሐኪም ያስመርምር። የፈረሱን ዕድሜ፣ መልክ፣ የተከተበበትን ቀን፣ ሲበላ የነበረውን መኖ፣ ከዚህ በፊት የታመመውንና እንደ መራገጥ ያለ ነውሩን ሁሉ ይጻፉለት። መኖው የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከሣር በድንገት ወደ እህልና ፉርሽካ የሚዛወር ፈረስ ቁርጠት ሊይዘው ይችላል፣ ያኔም ስልክ የሚደወለው ለሻጩ ነው።