ቅንፍ ውስጥ ምን ይገባል? የአውቶሆትኪ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ስለ አውቶሆትኪ የከበዳችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ነገር ናቸው፦ ለፈንክሽን (ስሙ ሲጠራ ሥራ ለሚሠራ የኮድ ክፍል) ፓራሜትር (ለሥራው የሚያስፈልገውን መረጃ) ስናቀብል ቅንፉ ውስጥ ምን እንደሚጻፍ። ጅማ ላይ ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ስላለኝ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ። መብራት እስካለ ድረስ።

ለአዲሶች፦ አውቶሆትኪ ዊንዶውስ ላይ በእናንተ ፋንታ ቁልፍ የሚጫን፣ ማውስ የሚያንቀሳቅስ ነጻ ፕሮግራም ነው። ክሪስ ማሌት በ2003 እ.ኤ.አ. ነው ያወጣው። ቨርዥን 2 የወጣው በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ግራ መጋባቱም የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ ያለው ስክሪፕት (የትእዛዞች ፋይል) ገና የቨርዥን 1 ነው።

ምሳሌዎቹ ላይ ስሞቹን በአማርኛ ነው የምጽፈው። አውቶሆትኪ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ የቫሪያብልና (ዋጋ የሚቀመጥበት ባለ ስም ሣጥን) የፈንክሽን ስም ያለ ችግር ይቀበላል፤ ሞክሩት። የራሱ የሆኑትን እንደ ሴንድና ሴትታይመር ያሉትን ግን Send፣ SetTimer ብላችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፏቸው።

ጥያቄ፦ መርካቶ አካባቢ የቡና ነጋዴ ሒሳብ እሠራለሁ። ሰላምታ የሚባል ፈንክሽን ሠርቼ ሰላምታ(ከበደ) ብዬ ጻፍኩ፤ መልእክቱ ይወጣል፣ ስሙ ግን ባዶ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቅስ ረስተሻል። ሰላምታ("ከበደ") በይው። ያለ ጥቅስ የተጻፈ ቃል የቫሪያብል ስም ነው። ፕሮግራሙ ከበደ የሚባል ቫሪያብል ፈለገ፣ የተቀመጠ ነገር አላገኘም፣ ባዶ አቀበለ። ቨርዥን 1 ይህን ዝም ብሎ ያልፋል። ቨርዥን 2 ኤረር ያወጣል፣ እኔም ለዚህ ነው የምወደው። ቁጥር ጥቅስ አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ቨርዥን 1 ነው የምጠቀመው። ሴንድ (ጽሑፍ የሚተይበው ትእዛዝ) ላይ %ስም% ስል ይሠራል። ሰላምታ(%ስም%) ስል ግን አንዴ ባዶ፣ አንዴ ኤረር ነው። ለምን?

መልስ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቨርዥን 1 ውስጥ ሁለት ቋንቋ አለ። እንደ ሴንድ ያሉት ትእዛዞች ቀጥሎ የሚመጣውን ሁሉ እንደ ተራ ጽሑፍ ነው የሚያዩት። ሴንድ, ስም ብትል "ስም" የሚለውን ቃል ራሱን ይጽፍልሃል። ስለዚህ "ይሄ ቃል አይደለም፣ ቫሪያብል ነው" ለማለት ሁለት ፐርሰንት መሀል ታስገባዋለህ።

የፈንክሽን ቅንፍ ግን ሌላ አገር ነው። ቅንፉ ውስጥ ያለው ሁልጊዜ ኤክስፕሬሽን ነው፤ መጀመሪያ ተሰልቶ ውጤቱ ነው የሚተላለፈው። እዚያ ውስጥ ስም የሚለው ቃል ያለ ምንም ምልክት ቫሪያብል ነው። ፐርሰንት ስትጨምርበት ትርጉሙ ይቀየራል። ልጅ ልከህ እንዲህ እንዳልከው ቁጠረው፦ "ስም የሚል የተጻፈበትን ሣጥን ክፈት። ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ የሌላ ሣጥን ስም አለ። የዚያን ሣጥን ዕቃ አምጣ።"

ስም := "ቡና" ካልክ (ማለት ስም ውስጥ "ቡና"ን ካስቀመጥክ) በኋላ ሰላምታ(%ስም%) ቡና የሚባል ቫሪያብል ፍለጋ ይሄዳል። ከሌለ ባዶ። ወረቀቱ ላይ "የጅማ ቡና" ካለ ደግሞ በቫሪያብል ስም መሀል ክፍት ቦታ ስለማይፈቀድ ኤረር። አንዴ ባዶ አንዴ ኤረር የሆነብህ በዚህ ነው። ሰላምታ(ስም) ብቻ ይበቃል። እኔ ቅንፍ ውስጥ ፐርሰንት ካየሁ እጄ ሳላስበው ይሰርዘዋል።

የተገላቢጦሹም አለ። በቨርዥን 1 ትእዛዝ ላይ ኤክስፕሬሽን ከፈለግህ አንድ ፐርሰንትና ክፍት ቦታ ታስቀድማለህ፦ ሴንድ, % ኪሎ(12)። ቨርዥን 2 ሁሉንም ኤክስፕሬሽን አድርጎ ከዚህ ጣጣ ገላግሎናል።

ጥያቄ፦ ቅንፉ ውስጥ ሒሳብ መሥራት ይቻላል? ፈረሱላን ወደ ኪሎ መቀየር ነው የፈለግሁት።

መልስ፦ ይቻላል። በቡና ሚዛን አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ መዝግብ(ፈረሱላ * 17) በል። ፈረሱላ ውስጥ 12 ካለ ፈንክሽኑ የሚደርሰው 204 ነው፤ ማባዛቱን አያውቅም። በጥቅስ ካደረግከው ግን "ፈረሱላ * 17" የሚለው ጽሑፍ እንዳለ ይሄዳል።

ከጽሑፍ ጋር ማያያዝ ስትፈልግ ነጥብ ተጠቀም፦ መዝግብ("ጠቅላላ " . ፈረሱላ * 17 . " ኪሎ")። ከነጥቡ ግራና ቀኝ ክፍት ቦታ ይኑር፤ ካለበለዚያ ነጥቡ ሌላ ትርጉም ይይዛል። እና ደግሞ ገንዘብ ስትጽፍ ክፈል(12,500) እንዳትል። ያ አሥራ ሁለትና አምስት መቶ የሚባሉ ሁለት ፓራሜትሮች ነው። 12500 በል።

ጥያቄ፦ መዝግብ(ስም ስልክ) ስል ስሙና ስልኩ ተጣብቀው አንድ ቦታ ላይ ይገባሉ።

መልስ፦ ኮማ የለም። በክፍት ቦታ ብቻ የተለያዩ ሁለት ቫሪያብሎችን አውቶሆትኪ አገጣጥሞ አንድ ያደርጋቸዋል። መዝግብ(ስም, ስልክ)።

ጥያቄ፦ ቆጪ ሰፈር የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ኮዱን ሦስት ሰው አይቶታል፣ ሁሉም ትክክል ነው አለ። ደምር(ዋጋ፣ብዛት) ነው። ለምን አይሠራም?

መልስ፦ ይህችን ጥያቄ ወደድኳት፣ ምክንያቱም እኔንም ግማሽ ቀን በልታኛለች። ኮማህን ተመልከት። የአማርኛ ነጠላ ሰረዝ ነው! ኪቦርዱን ከአማርኛ ሳትመልስ ጽፈኸዋል። ለእኛ ዓይን መለያያ ነው፤ ለአውቶሆትኪ ግን እንደማንኛውም የግዕዝ ፊደል የስም አካል ነው። ስለዚህ ያየው "ዋጋ፣ብዛት" የሚባል አንድ ረጅም ቫሪያብል ነው። ሁለተኛው ፓራሜትር የግድ ከሆነ ፓራሜትር አነሰ ብሎ ይጮሃል። ነባሪ ዋጋ (ምንም ካልተቀበለ የሚይዘው ዋጋ) ከተሰጠው ግን ቨርዥን 1 ድምፁን ሳያሰማ የተሳሳተ መልስ ይሰጥሃል።

ከዎርድ ወይም ከቴሌግራም የተቀዳ ኮድም እንዲሁ ነው። “ጅማ” ተብሎ በተጠማዘዘ ጥቅስ ሲመጣ ጥቅሱም የስሙ አካል ሆኖ ይቆጠራል። «ጅማ»ም ያው። ቀጥ ያለው " ብቻ ነው ጥቅስ። የግዕዝ አኃዝም ቁጥር አይሆንም፤ ፲፯ ብትል ቫሪያብል ይመስለዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በቨርዥን 1 አማርኛ ያለበትን ፋይል ዩቲኤፍ 8 ከቦም ጋር (UTF-8 with BOM) ብለህ ሴቭ አድርግ። አለዚያ ፊደሉ ይበላሻል።

ጥያቄ፦ ክፈት(ገጽ = 2) ብዬ ሁልጊዜ ገጽ 1 ወይም 0 ይከፍታል።

መልስ፦ ቅንፍ ውስጥ = ማለት "እኩል ነው ወይ?" የሚል ጥያቄ ነው። እውነት ከሆነ 1፣ ካልሆነ 0 ያቀብላል። ክፈት(2) በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ቨርዥን 2 ላይ በየደቂቃው ፋይል ሴቭ እንዲያደርግ በሴትታይመር (ሥራን በየተወሰነ ጊዜ በሚደጋግመው) ሴትታይመር አስቀምጥ(), 60000 አልኩ። አንዴ ብቻ ሠርቶ ኤረር አወጣ።

መልስ፦ ቅንፉን አንሳ፦ ሴትታይመር አስቀምጥ, 60000። ቅንፍ ያለው ስም "አሁኑኑ ሥራ" ማለት ነው፤ ታይመሩ የሚደርሰው የሥራው ውጤት ነው። አንተ መላክ የፈለግኸው ሠራተኛውን ራሱን ነው። ለሠራተኛው የሚነገረው ነገር ካለም እንዲህ ነው፦ ሴትታይመር () => አስቀምጥ("ደረሰኝ"), 60000። ቁጥሩ በሚሊሰከንድ ነው።

ጥያቄ፦ መሀል ላይ ያለውን ፓራሜትር መዝለል ይቻላል?

መልስ፦ ነባሪ ዋጋ ካለው ይቻላል። ቦታውን ባዶ ተዉት፣ ኮማው ግን ይቆይ፦ ጻፍ("ጅማ", , 3)።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አሮጌ ስክሪፕቶቼን ሁሉ ወደ ቨርዥን 2 ልቀይራቸው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ጋሼ፣ የሚሠራውን አይንኩት። ሁለቱም ቨርዥን አንድ ኮምፒውተር ላይ አብረው ይኖራሉ። ፋይሉ አናት ላይ #ሪኳየርስ የሚለውን መመሪያ በእንግሊዝኛ ፊደል (#Requires) ጽፈው የቨርዥኑን ቁጥር ከነገሩት ትክክለኛው ይከፍተዋል። አዲስ የሚጽፉትን ብቻ በ2 ይጀምሩ። ከአሮጌዎቹ አንዱ ሲበላሽ፣ ለማስተካከል ሲከፍቱት ያኔ ይቀይሩታል፤ መጀመሪያ ግን ቅንፍ ውስጥ ያሉትን ፐርሰንቶች ይፈልጉ።