ሴኔቱ ያጸደቀው ሹመቱን ነው ወይስ ሰውየውን?

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነኝ። የክርክር ክበባችን የመረጠው ርእስ «ብሬት ካቫኖ ለአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኝነት መሾማቸው ተገቢ ነበርን?» የሚል ነው። ካቫኖ እ.ኤ.አ. በ2018 በታጩ ጊዜ አንዲት ፕሮፌሰር በወጣትነታቸው ወሲባዊ ጥቃት አድርሰውብኛል ብለው ነበር፤ ሹመቱ የሚጸድቀው ደግሞ በሴኔቱ፣ ማለትም በአሜሪካ ምክር ቤት የላይኛው ክፍል ድምፅ ነው። ተማሪዎቹ ጽሑፋቸውን ሲያነቡ ግን ክርክሩ ከጉዳዩ ወጥቶ ቃላት ላይ ወደቀ። ደጋፊው ቡድን «ሴኔቱ ከውንጀላው አጽድቋቸዋል» ብሎ ጻፈ። ተቃዋሚው «ካቫኖ የቀረበበትን ክስ ክዷል» አለ። አንዱ «ከፍተኛ ፍርድ ቤት» ሲል ሌላው «ጠቅላይ» ይላል፤ «ዕጩ» እና «ተሿሚ» ደግሞ እንደ አንድ ቃል ይፈራረቃሉ። የትኛው ትክክል ነው? እንዴትስ ላርማቸው?

መልስ፦ መምህር፣ ተማሪዎችዎ ከጉዳዩ የወጡ አይመስለኝም። የተጣሉባቸው ቃላት የክርክሩ ዋና አካል ናቸው፤ ሁለቱም ቡድኖች ማስረጃ ከማቅረባቸው በፊት በግሥ ፈርደዋል። ስለዚህ እርማቱን ከክርክሩ ለይተው አይዩት።

ቀላሉን ላስቀድም። ትክክሉ «ጠቅላይ ፍርድ ቤት» ነው። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል በዕለት ንግግር የመጨረሻውን ላይኛ ቦታ ሊያመለክት ይችላል፤ በእኛ የፍርድ ቤት አወቃቀር ግን ከጠቅላይ በታች፣ ከመጀመሪያ ደረጃ በላይ ያለው ፍርድ ቤት የተጸውዖ ስም ሆኗል። ይህን ለድሬዳዋ ልጆች ማስረዳት አይከብድም። አዋጅ ቁጥር 25/1988 የፌዴራል ከፍተኛና የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቶች በአዲስ አበባና በድሬዳዋ እንዲያስችሉ ስለደነገገ፣ ስሙን ከተማቸው ያውቀዋል። ኦሮምኛ የሚናገሩት ተማሪዎችም «መነ ሙርቲ ወሊገላ» (ጠቅላይ) እና «መነ ሙርቲ ኦላና» (ከፍተኛ) የተለያዩ ፍርድ ቤቶች መሆናቸውን ይነግሯችኋል። ዘጠኝ ዳኞች ያሉት የአሜሪካው የመጨረሻ ፍርድ ቤት የሚመሳሰለው ከወሊገላው ጋር ነው።

አሁን ወደ «አጸደቀ» እንምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ ይህ ልቤን ይዞታል። ግሡ በግእዝ «ጸድቀ» ሲሆን ትርጉሙ እውነተኛ ሆነ፣ ትክክል ሆነ ነው። በአማርኛ ሦስት መንገድ ይዟል። ሰው በሃይማኖት ይጸድቃል፣ ተቃራኒውም ኩነኔ ነው። ችግኝ ይጸድቃል፣ ማለትም ሥር ይሰዳል። አዋጅ፣ በጀትና ሹመት ደግሞ በምክር ቤት ድምፅ ይጸድቃሉ። ሦስተኛው ትርጉም ከሕግ አወጣጥ ጋር የመጣና ከነፍስ ጽድቅ ጋር የማይገናኝ ነው። ምክር ቤት አንድን በጀት ሲያጸድቅ በጀቱ ከኃጢአት ነጻ ነው ማለቱ አይደለም፤ ከዚህ በኋላ ይሠራበታል ማለቱ ነው።

የደጋፊው ቡድን ዓረፍተ ነገር የተሳሳተው በተሳቢው ላይ ነው። «ሹመቱን አጸደቀ» ሲባል ሦስተኛው መንገድ ነው፤ የሹመት ሥርዓቱ ተፈጸመ ማለት ነው። «ሰውየውን አጸደቃቸው» ሲባል ግን ግሡ ወደ መጀመሪያው መንገድ ይመለሳል፤ ንጹሕ ናቸው ብሎ ፈረደላቸው ማለት ይሆናል። «ከውንጀላው» የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ ጥርጥር አይቀርም፤ አንባቢው ሴኔቱን እንደ ችሎት ያየዋል። ሴኔቱ ያን አላደረገም፤ የማድረግ ሥልጣንም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 6 ቀን 2018 በ50 ለ48 ድምፅ የሰጠው ውሳኔ ስለ ሹመት ነው። የወንጀል ክስ አልተመሠረተም፤ ጥፋተኛ ወይም ነጻ የሚል ፍርድም አልተሰጠም። በምክር ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ብርቱ ልዩነቶች አንዱም ይኸው ነበር። ለሹመቱ ድምፅ ከሰጡት አንዷ የሆኑት ሴናተር ሱዛን ኮሊንስ በንግግራቸው መመዘኛው «መሆኑ ካለመሆኑ ያመዝናል ወይ» የሚል መሆን አለበት ብለው ነበር። ብዙ ተቃዋሚዎች ደግሞ ይህ ሰው ለሥራ የሚመዘንበት እንጂ የወንጀል ችሎት ስላልሆነ የማስረዳት ሸክሙ በዕጩው ላይ ነው ይሉ ነበር። ተማሪዎችዎ ይህን ልዩነት ሊከራከሩበት ይገባል፤ «አጽድቋቸዋል» የሚለው ቃል ግን ክርክሩን ሳይጀመር ይዘጋዋል።

ይኸው ሥርዓት «ዕጩ» እና «ተሿሚ» የሚሉትንም ይለያል። «ዕጩ» በግእዝ «ሐፀየ» ከሚለው፣ ለጋብቻ ጠየቀ፣ አጨ ከሚለው ግሥ የወረደ ነው፤ «እጮኛ»ም እኅቱ ናት። የታጨ ሁሉ አላገባም፤ የታጨ ዳኛም ሁሉ አልተሾመም። ፕሬዚዳንት ሬገን እ.ኤ.አ. በ1987 ያጯቸውን ሮበርት ቦርክን ሴኔቱ 58 ለ42 በሆነ ድምፅ አልቀበልም ብሏቸዋል። ፕሬዚዳንት ኦባማ እ.ኤ.አ. በ2016 ያጯቸው ሜሪክ ጋርላንድ ደግሞ ጉዳያቸው እንኳን ለመደመጥ ሳይቀርብ የሴኔቱ ዘመን አልቆባቸዋል። ሁለቱም ዕጩ ነበሩ፤ የዚያ ፍርድ ቤት ተሿሚ ግን አልሆኑም። ካቫኖም ፕሬዚዳንት ትራምፕ በሐምሌ ካጯቸው ቀን እስከ ጥቅምቱ ድምፅ ድረስ «ዕጩ» እንጂ «ተሿሚ» ሊባሉ አይገባም። «ዳኛ ካቫኖ» ማለት ግን በዚያን ጊዜም ስሕተት አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የይግባኝ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩና። አንድ ነገር ልጨምር፤ «ዕጩ ዳኛ ካቫኖ» ብለው እንዳይጽፉ ይንገሯቸው። በእኛ አገር «ዕጩ ዳኛ» ሲባል በቅድሚያ የሚታየው ለመጀመሪያ የዳኝነት ሥራው የተመለመለ ሠልጣኝ ነው። «ለጠቅላይ ፍርድ ቤት የታጩት ዳኛ ካቫኖ» ቢባል ይጠራል።

«ሴኔቱ ሾማቸው» የሚለውንም ከጽሑፎቹ መሐል ካገኙት ያርሙት፤ የሚያሳስተን የራሳችን ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 81 መሠረት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንትና ምክትል ፕሬዚዳንት በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ይሾማሉ። አቅራቢው አስፈጻሚው፣ ሿሚው ምክር ቤቱ ነው። ስለዚህ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ጥቅምት 22 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከካቫኖ ሹመት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሲሆኑ «ምክር ቤቱ ሾማቸው» ማለት ልክ ነበር። በአሜሪካ ግን ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ሴኔቱ ይስማማል ወይም አልስማማም ይላል፣ የሚሾመው መልሶ ፕሬዚዳንቱ ነው። የ«ሾመ» ባለቤት በሁለቱ አገሮች አንድ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው «ክስ»፣ «ውንጀላ» እና «ካደ» ነው። መጀመሪያ ጉዳዩን በአጭሩ ላስታውስ። ፕሮፌሰር ክርስቲን ብላሲ ፎርድ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለቱም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሳሉ በአንድ ቤት ውስጥ በነበረ ስብስብ ካቫኖ ወሲባዊ ጥቃት እንዳደረሱባቸው እ.ኤ.አ. መስከረም 27 ቀን 2018 ለሴኔቱ የሕግ ኮሚቴ ምለው ተናገሩ። በዚያው ቀን ካቫኖም ምለው ድርጊቱን ፈጽሞ አላደረግሁም አሉ።

«ክስ» በሰፈር ቋንቋ ማንኛውም ስሞታ ነው፤ ልጅ እንኳን ወንድሙን ለእናቱ «ይከሳል»። በሕግ ቋንቋ ግን ክስ ፍርድ ቤት ይመሠረታል፣ ቁጥር አለው፣ ተከሳሽም አለው። «ክስ ቀረበባቸው» ተብሎ ስለ አንድ ዳኛ ሲጻፍ አብዛኛው አንባቢ የሚረዳው ሁለተኛውን ነው። ያ ደግሞ አልሆነም። «ውንጀላ» በበኩሉ ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል። ከአጠገቡ ዘወትር የሚቆሙትን ቃላት ይመልከቱ፤ «መሠረተ ቢስ ውንጀላ»፣ «የሐሰት ውንጀላ»። «የተረጋገጠ ውንጀላ» ሲባል ግን ጆሮ ይጎረብጠዋል። ቃሉ ከእነዚህ ጎረቤቶቹ ጋር ብዙ ስለኖረ ብቻውን ሲቆምም ጠረናቸው አብሮት ይመጣል። ደጋፊው ቡድን «ውንጀላ» ሲል ሴትዮዋን ዋሽተዋል እያለ ነው፤ ቃሉን የመረጠው ተማሪ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ አንባቢው ግን ይሰማዋል። እኔ የምመርጠው «አቤቱታ» ወይም እንዲያው በግልጽ «ፎርድ የተናገሩት ቃል» የሚለውን ነው።

«ካደ» ደግሞ በችሎትና ከችሎት ውጭ ሁለት መልክ አለው። በችሎት ተከሳሹ «የእምነት ክህደት ቃል» ይጠየቃል፤ አመነ ወይም ካደ ተብሎ ይመዘገባል። እዚያ «ክዶ ተከራከረ» የሚለው ማንንም አይነካም፤ ከ«አመነ» ጋር ተጣምሮ የቆመ የሥነ ሥርዓት ቃል ነው። ከችሎት በር ሲወጣ ግን «ካደ» ማለት የሚያውቀውን እውነት ሸሸገ፣ የበላበትን ወጭት ሰበረ፣ ሃይማኖቱን ተወ ማለት ነው። «ካቫኖ ክዷል» የሚል የጋዜጣም ሆነ የክርክር ጽሑፍ ድርጊቱ መፈጸሙን አስቀድሞ ወስኗል። «አስተባበሉ» ይሻላል፤ ከሁሉ የሚጠራው ግን «ድርጊቱን አልፈጸምኩም ብለዋል» ነው፤ የራሳቸውን ቃል ለራሳቸው ይሰጣቸዋልና።

በተቃራኒው በኩል ደግሞ «አጋለጡ» የሚለውን ይጠንቀቁ። የሚጋለጠው የነበረ ነገር ብቻ ነው። «ጥቃት ደርሶብኛል ባይ» የሚለውም ፈተና አለው። «ይግባኝ ባይ» የከበረ የሕግ ቃል ስለሆነ በዚያው መንገድ የተቀረጸ ይመስላል፤ ነገር ግን «አዋቂ ነኝ ባይ»፣ «ጀግና ነኝ ባይ» ስንል «ባይ» የማላገጫ ቃል ነው። ስለ ጥቃት የተናገረችን ሴት በዚህ ቃል መጥራት እኔ አልፈቅድም። «ጥቃት ደርሶብኛል ያሉት ፎርድ» ማለት ምን ያህል ይረዝማል?

እርስዎ ያልጠየቁኝ፣ በላኩልኝ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን ዓይኔ ውስጥ የገባ አንድ ነገር አለ። ደጋፊዎቹ «አጽድቋቸዋል» ብለው አንቱ አሏቸው፤ ተቃዋሚዎቹ «ክዷል» ብለው አንተ አሉት። ስለ ፎርድም እንዲሁ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ በብዙ የዜና ጽሑፍ ባለሥልጣኑ «ብለዋል»፣ ስለ ጥቃት የተናገረችው ሴት «ብላለች» ይባላሉ። የድሬ ሰው አንቱታ እንደማያበዛ፣ «አንተ» እና «አንቺ» በድሬ አፍ የቅርበት ምልክት እንጂ ንቀት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ወድደዋለሁም። ለክርክር ጽሑፍ ግን አንዱን አንቱ፣ ሌላውን አንተ ማለት ከማንኛውም ቅጽል ይልቅ ያዳላል፤ አንባቢው ሳያስተውለው ይሠራልና። የዜና ጸሐፊዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት እውነትነት አለው። አክብሮት ያለው ሦስተኛ መደብ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሁለቱንም «ብለዋል» ካልን ማን እንዳለ ይደባለቃል። መፍትሔው ግን አንዷን ዝቅ ማድረግ ሳይሆን ስም መድገም ነው። «ፎርድ እንዲህ ብለዋል፤ ካቫኖ ደግሞ እንዲህ ብለዋል።» ስም መድገም በአማርኛ ነውር አይደለም።

ተማሪዎቹ አቋማቸውን ሳይለቁ እንዲህ ቢጽፉ ምን ይጎድልባቸዋል? ደጋፊዎቹ፦ «ፎርድ ያቀረቡት አቤቱታ በቦታው ነበሩ ባሏቸው ሰዎች ቃል አልተደገፈም፤ ሴኔቱም ሁለቱን ወገን ሰምቶና ተጨማሪ ማጣራት አስደርጎ ሹመቱን በ50 ለ48 አጽድቋል፤ ስለዚህ ሹመቱ ተገቢ ነበር እንላለን።» ተቃዋሚዎቹ፦ «ካቫኖ ድርጊቱን አልፈጸምኩም ብለዋል፤ ፎርድ ግን ያጠቁኝ እርሳቸው ለመሆናቸው መቶ በመቶ እርግጠኛ ነኝ ብለው ምለዋል። የፌዴራል ምርመራ ቢሮ ማጣራት ከሳምንት እንዳያልፍ ተገድቧል፤ ለዕድሜ ልክ ሹመት ይህ አይበቃም እንላለን።» ከዚህ በኋላ ቢጣሉ ጠባቸው በጉዳዩ ላይ ይሆናል።