ባክቴሪያ ስኳር የሚመርጠው እንዴት ነው? ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

አንጀት ውስጥ ስለሚኖረው ባክቴሪያ ስለ ኢ. ኮላይና ላክቶስ የተባለውን ስኳር ስለሚጠቀምበት የጂን ስብስብ፣ ስለ ላክ ኦፔሮን፣ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ክፍል ውስጥ ስለ ኦፔሮን ተምረናል፣ ግን ምንም አልገባኝም። በቀላሉ ምንድን ነው?

መልስ፦ ጎን ለጎን ተሰልፈው አንድ ላይ የሚከፈቱና የሚዘጉ ጂኖች ናቸው። ላክ ኦፔሮን ሦስት ጂኖች አሉት፤ ሁለቱን ያዝ። ላክ ዋይ ላክቶስን፣ ማለትም የወተት ስኳርን፣ ወደ ውስጥ የሚያስገባውን ፕሮቲን ያሠራል። ላክ ዜድ ደግሞ ላክቶሱን ግሉኮስና ጋላክቶስ አድርጎ የሚከፍለውን ኢንዛይም። ላክቶስ ከሌለ ሪፕረሰር የሚባል ፕሮቲን ዲ.ኤን.ኤው ላይ ተቀምጦ ጂኖቹ የሚነበቡበትን መንገድ ይዘጋል።

ጥያቄ፦ አንድ ነገር አልዋጥልኝ አለ። ላክቶስ እንዲገባ አስገቢው ፕሮቲን መኖር አለበት። እሱ እንዲሠራ ደግሞ መጀመሪያ ላክቶስ መግባት አለበት። ታዲያ ነገሩ ከየት ይጀምራል?

መልስ፦ ጎበዝ! ብዙ ሰው ይቺን ሳያይ ያልፋል። መልሱ፣ መንገዱ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። ሪፕረሰሩ አልፎ አልፎ ለቅጽበት ይለቃል። በዚያች ቅጽበት ጥቂት አስገቢና ጥቂት ኢንዛይም ይሠራል። የመጀመሪያውን ላክቶስ የሚያስገቡት እነሱ ናቸው።

ደግሞ ሌላ አለ። ሪፕረሰሩን የሚያስለቅቀው ራሱ ላክቶስ ሳይሆን አሎላክቶስ ነው። አሎላክቶስን ከላክቶስ የሚሠራው ያው የላክ ዜድ ኢንዛይም ነው። ስለዚህ ላክ ዜዱ ጨርሶ የተበላሸ ባክቴሪያ ላክቶስ ቢጎርፍለትም ኦፔሮኑ አይከፈትም። መጻሕፍት ሪፕረሰሩን እንደ መብራት ማብሪያና ማጥፊያ ሲስሉት ቅር ይለኛል። ያቺ ትንሽ ክፍተት ባትኖር ምንም አይጀመርም ነበር።

ጥያቄ፦ ግሉኮስና ላክቶስ አብረው ቢቀርቡለትስ?

መልስ፦ ግሉኮሱን ያስቀድማል። ሲያልቅ እድገቱ ትንሽ ይቆማል፤ ከዚያ ላክቶሱን ይጀምራል። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዣክ ሞኖ ይህን የተመለከተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፓሪስ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ሁለት ነው። ግሉኮስ ካለ፣ ጂኑ በደንብ እንዲነበብ የሚያግዘው ሳይክሊክ ኤ.ኤም.ፒ የሚባል መልእክተኛ ሞለኪውል ይቀንሳል። በተጨማሪ ግሉኮስ ሲገባ የላክቶስ አስገቢው ይታገዳል። ሁለተኛውን እንዳትረሱት፤ ድርሻው ትልቅ ነው።

ጥያቄ፦ ሪፕረሰሩን በምን አዩት?

መልስ፦ መጀመሪያ አላዩትም። ፍራንስዋ ዣኮብና ሞኖ በፓስተር ተቋም የተለያዩ ሙታንቶችን፣ ማለትም ጂናቸው የተለወጠ ባክቴሪያዎችን፣ እያዳቀሉ መኖሩን በማመዛዘን ደረሱበት፤ ሐሳባቸውን በ1961 እ.ኤ.አ. አሳተሙ። በ1965 ከአንድሬ ልዎፍ ጋር ኖቤል ተሸለሙ። ፕሮቲኑን ለይተው ያወጡት ግን ዋልተር ጊልበርትና ቤኖ ሙለር-ሂል ናቸው፣ በ1966።

ጥያቄ፦ የሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ይሄ ለእኔ ምን ያደርግልኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ በየቀኑ ታዪዋለሽ እኮ! ማኮንኪ አጋር በሚባለው ላክቶስ ያለበት የባክቴሪያ ማሳደጊያ ላይ ኢ. ኮላይ ሮዝ የሚሆነው ላክቶሱን አሲድ ስለሚያደርገው ነው። ሳልሞኔላ የሚባለው ባክቴሪያ ግን ላክቶስን ስለማይጠቀም አብዛኛውን ጊዜ ቀለም አልባ ነው። ሺጌላ ሶኔ የሚባለውን ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ግን ልብ በይ። ኢንዛይሙ አለው፣ የጎደለው አስገቢው ነው። ስለዚህ በማግስቱ ቀለም አልባ ሆኖ ይጠብቅሽና ከቀናት በኋላ ሮዝ ሊሆን ይችላል። ያው ኢንዛይም ሲከፍለው ቢጫ በሚሆነውና አስገቢ በማያስፈልገው ኬሚካል፣ በኦ.ኤን.ፒ.ጂ፣ ስትመረምሪው ግን ቢጫ ይሆንልሻል።