ፊልምሽ በብርሃን ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ጀምሮ ለምን እምቢ አለ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ፖሊፌሮሴኒልሳይሌንን (በሰንሰለቱ ውስጥ ፌሮሴን የተባለ ብረት ያዘለ ሞለኪውል ያለበት ፖሊመር ነው) በክሎሮፎርም አሟሙተሽ በሠራሽው ፊልም፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ ላይ አልትራቫዮሌት ስታበሪ ከረንቱ ጨመረ። ሁለተኛውን ፊልም በቫኪዩም በደንብ አድርቀሽ ስትሞክሪ ግን ምንም የለም። «መብራቱ ደክሞ ይሆን?» ነው ያልሽው።

መብራቱን ተይው። እኛም ጋ እንዲሁ ነበር የጀመረው። የላቦራቶሪያችን ኃላፊ «መብራት ይቀየር» ብሎ ድርቅ አለ። ለሌላ ሥራ የተያዘ ገንዘብ ለአዲስ መብራት ሄደ፣ አዲሱም ያው ሆነ። እኔ ከመጀመሪያው ነግሬው ነበር፣ ማን ሰምቶኝ!

1. ተጠርጣሪው ማድረቁ ነው። ብርሃን ብቻውን ፌሮሴንን ኦክሲዳይዝ አያደርግም፣ ማለትም ኤሌክትሮን አያሳጣውም። ከብረቱ የሚወጣውን ኤሌክትሮን የሚቀበል ነገር ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ፊልምሽ ውስጥ ተቀባዩ ሳይተን የቀረው ክሎሮፎርም ነበር። ብርሃን ሲያገኘው ኤሌክትሮኑን ወስዶ ይፈርሳል፣ ክሎራይድ (አሉታዊ ቻርጅ ያለው ክሎሪን) ይተዋል፤ የብረቱም ቻርጅ ከ2+ ወደ 3+ ይሄዳል። አንቺ ደግሞ ጎበዝ ሆነሽ ተቀባዩን በቫኪዩም ጠርገሽ አወጣሽው። መፍትሔው ፊልሙን ማድረቅ፣ በጨለማ የክሎሮፎርም ትነት ማጠጣት፣ ማብራት፣ ከዚያ ትነቱን መሳብ ነው። አዲስ ጠርሙስ ተጠቀሚ፤ ክሎሮፎርም በብርሃንና በአየር ሲቆይ አሲድና ፎስጂን የተባለ መርዛማ ጋዝ ያወጣል። ሥራው ጭስ መሳቢያ ሥር ይሁን።

2. ቀለሙን እዪ። ያልተነካው ፊልም ቢጫ ወደ ብርቱካናማ ነው፤ ኦክሲዳይዝ የሆነው ወደ አረንጓዴ ሰማያዊ ይሄዳል፣ 620 ናኖሜትር አካባቢም አዲስ የመምጠጫ ጫፍ (ብርሃን በብዛት የሚዋጥበት ቦታ) ያወጣል። ከረንቱ ጨምሮ ቀለሙ ካልተነቃነቀ ሌላ ነገር ነው የለካሽው። መስታወቱንም ገልብጠሽ እዪ። የእኔ ወፍራሙ ፊልም ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥር እንደነበረው ብርቱካናማ ሆኖ አገኘሁት። ብርሃኑን የላይኛው ሽፋን ውጦ ጨርሶታል። ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን የሙሉውን ውፍረት ይዘሽ ብታሰዪ ቁጥሩ ውሸት ይሆናል፤ ስስ ፊልም ሥሪ።

3. እዚህ ጋ ስለ አለካክ ልጽፍ ነበር፣ ግን ያን የጋራ መለኪያ ክፍል ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ሁለት ፊልም ሰጠኋቸው፤ አንዱ የበራበት፣ አንዱ ከዚያው ጠርሙስ ተሠርቶ ብርሃን ያላየ። ሁለተኛውን በአልሙኒየም ፎይል ጠቅልዬ «ብርሃን አይንካው» ብዬ ጻፍኩበት። ምን አደረጉ? ፎይሉን ፈተው መስኮት ሥር አስቀመጡት። ወረፋው ሲደርስ ሁለቱም አረንጓዴ ነበሩ። «ልዩነት የላቸውም፣ ብርሃኑ ምንም አልሠራም» የሚል ወረቀት ሰጡኝ! ጽሑፌን ሳሳያቸው «እኛ የምንለካው የመጣልንን ነው» አሉኝ። ክፍያውንም አልተውልኝም። ደሜ ፈላ።

ኤሌክትሮሜትር (በጣም ትንሽ ከረንት የሚለካ መሣሪያ) ተውሼ ራሴ ለካሁት። ተራ መልቲሜትር አይሞከርም፤ ያልተነካው ፖሊመር የማስተላለፍ አቅሙ 10⁻¹⁴ ሲመንስ በሴንቲሜትር አካባቢ ነው፣ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም በይው። በአዮዲን ኦክሲዳይዝ ሲደረግ ወደ 10⁻⁴ ገደማ ይወጣል፤ በብርሃን ያን ያህል ባትደርሺ አትደንግጪ። መብራቱን አጥፍተሽ፣ ትነቱን ስበሽ፣ በጨለማ ለኪ። አለበለዚያ ብርሃኑ ራሱ የሚያመጣውን ጊዜያዊ ከረንት ከኦክሲዴሽኑ ጋር ትቀላቅይዋለሽ። ቮልቴጁን ሳትቀይሪ ትንሽ ጠብቂ። ከረንቱ ቀስ እያለ ከወረደ ክሎራይዱ እየተንቀሳቀሰብሽ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ፊልም ይህን ይወዳል። ረግቶ ከቆመ የኤሌክትሮን ከረንት ነው የሚል ተስፋ አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ «ብዙ ባበራ ይጨምራል» ብለሽ መብራቱ ሥር አታሳድሪው። ኤሌክትሮኑ የሚዘለው ከ2+ ብረት ወደ 3+ ብረት ነው፤ ሁለቱም ጎን ለጎን መኖር አለባቸው። ሁሉም 3+ ከሆነ የሚዘልበት ቦታ አያገኝም፣ ከረንቱም መልሶ ይወርዳል። በየመሃሉ እያወጣሽ ለኪ።

የፊልምሽን ውፍረትና በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን ርቀት ጻፊልኝ፣ ስሌቱን አብረን እናየዋለን። ለመለኪያ ክፍል የምትሰጪ ከሆነ ግን አጠገባቸው ቁሚ።