መልስ፦ ትንሿ ጣት ስትደነዝዝ

ወንድሜ፣ ጎንደር አራዳ ልብስ ስትሰፋ ትንሿ ጣትህና የቀለበት ጣትህ ግማሽ ለምን እንደሚደነዝዙ ጠይቀሃል። "ግማሽ" ማለትህ ትልቅ ፍንጭ ነው። በመዳፍ በኩል የቀለበት ጣትን ሁለት ነርቮች ይካፈሉታል፤ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ግማሽ አልናር የሚባለው ነርቭ ነው፣ ሌላው ግማሽ ሚዲያን የሚባለው። አልናር ክርን ላይ አጥንት ታክኮ፣ ከቆዳ ሥር ያልፋል። ክርን ሲጋጭ እስከ ጣት የሚነዝረን እሱ ነው። ክርንህን ጠረጴዛ ላይ ተደግፈህ ትውላለህ?

እስቲ የእጅህን ጀርባ በትንሿ ጣት በኩል ዳስሰው። እሱም ከደነዘዘ ችግሩ ከእጅ አንጓ በላይ ነው፤ ያንን ቦታ የሚይዘው የአልናር ቅርንጫፍ አንጓ ሳይደርስ ይገነጠላልና። ድንዛዜው ወደ ክንድህ ከወጣ ግን አንገትህም መታየት አለበት። ጣቶችህ አቅም ካጡ፣ እባክህ ነገ ሳትል ሐኪም ጋ ሂድ።