የጎርፍ ዕቅድ በጥር ካልተጻፈ

ሰላም እህቴ፣ «ወረዳችን የአደጋ ስጋት ቅነሳ ዕቅድ አወጣለሁ ብሎ ነዋሪውን ጠርቷል፤ ብሄድ ይጠቅማል ወይስ ወረቀት ሆኖ ይቀራል?» ብለሽ ጠይቀሻል። አዲስ አበባ አቃቂ ወንዝ ዳር 18 ዓመት ኖሬያለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። ሂጂ፣ እንዳትቀሪ።

እኛ ሰፈር ጎርፍ የሚመጣው አንዳንዴ የኛ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ነው። ትልቁም ትንሹም አቃቂ የሚነሱት ከከተማው በስተሰሜን ካለው ደጋ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ 2,100 ገደማ ላይ ነን። ላይ የጣለው ዝናብ ከየቆርቆሮውና ከየአስፋልቱ ፌስታሉን፣ ሃይላንዱን ጠራርጎ ይወርድብናል። አፈራችን ደግሞ ኮትቻ ነው። በበጋ እጅ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ይደፈንና ውሃ አላሰርግም ይላል።

አንድ ሌሊት ውሃው ገብቶ ፍራሻችን ተንሳፈፈ። በማግስቱ ጭቃ ስናወጣ ከጎናችን ያሉት እማማ ከሰል አንስተው ውሃው የደረሰበትን ግድግዳቸው ላይ አሰመሩ። ምን እያደረጉ እንደሆነ ያኔ አልገባኝም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለዕቅዱ የመጣው መሐንዲስ ይዞት በመጣው ካርታ ላይ የኛ መንደር «ስጋት የሌለበት» ተብሏል። እማማ እጁን ይዘው ቤታቸው አስገቡትና መስመሩን አሳዩት። ሜትሩን አውጥቶ ለካ፤ ከወለሉ 84 ሴንቲ ሜትር። ዝም ብሎ ትንሽ ቆመና «ሌላስ ማን ቤት አለ?» አለ። ያን ቀን እስኪመሽ ቤት ለቤት ዞርን። መንደራችን ካርታው ላይ ቀይ የተቀባው ከዚያ በኋላ ነው። አንቺም የውሃውን ልክ፣ ቀኑንና ሰዓቱን፣ ፎቶም ካለሽ ፎቶውን ይዘሽ ሂጂ።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ወሩ ተከራከሩ። የመንግሥት በጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው፤ ክረምቱ የሚበረታውም ሐምሌና ነሐሴ ነው። ሰው በግንቦት ተነስቶ «ዲቹ ይጠረግ፣ ቱቦው ጠቧል» ሲል የዓመቱ ገንዘብ አልቋል፣ የሚቀጥለው ገና ነው። እስኪለቀቅ ውሃው ቤት ገብቷል። እኛ ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈብን። በሦስተኛው ጥያቄያችንን በጽሑፍ፣ በእድሩ ማኅተም፣ በጥር አስገባን። ለቀጣዩ ዓመት በጀት ተያዘለት፤ ሥራው ከመስቀል በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ተጀምሮ የካቲት ሳይወጣ አለቀ። ተቋራጩ ያወጣውን አፈር ዲቹ አፍ ላይ ከምሮ ሊሄድ ነበር። ቆመን አስነሳነው፤ የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ይከተው ነበር። ስለዚህ ዕቅዱ ሲነበብላችሁ እያንዳንዱን ሥራ ማን፣ በየትኛው ወር፣ ከየትኛው በጀት እንደሚሠራው ጠይቁ። «በቀጣይ ይሠራል» የሚል ቃል ካለ ወር እስኪጻፍበት አትቀመጡ።

ጎርፍ ላይ ብቻም አትቁሙ። የአዲስ አበባው የቆሼ ቆሻሻ ክምር የተናደው መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ነው፤ ክረምት አልነበረም፣ ከ110 በላይ ሰው አለቀ። በኛ ዳርቻ የተተወ የድንጋይ ካባ አለ፣ ክረምት ውሃ ይይዝና ልጆች ይዋኙበታል። ይህም ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። በደቡብ ኢትዮጵያ፣ በጎፋ ዞን ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ሊያወጡ የሮጡ ብዙ ሰዎች ሁለተኛው ናዳ ወሰዳቸው። ይህን ሳስብ ዛሬም ሆዴ ይባባል፤ ማን አይሮጥም? ስለዚህ ዳገት ሥር ያለ ሰፈር «መጀመሪያ ማን ይደርሳል፣ ሌላውን ሰው ማን ያርቃል» የሚለውን ቀድሞ መጻፍ አለበት።

ወንዝ ዳር ያሉትን ማንሳት ከመጣ ጉዳዩ ከባድ ነው። የት እንደሚሄዱ ሳይነገር አትፈርሙ፤ ተከራዮችም ስብሰባው ላይ ይኑሩ፣ ብዙ ጊዜ የሚረሱት እነሱ ናቸው።

እስከዚያው በእድራችሁ ከላይኛው ሰፈር ሁለት ሰው ያዙ። ወንዙ ሲደፈርስ ይደውሉላችሁ፤ እኛ በዚህ ብቻ ልጆችና አዛውንት ማውጫ ጊዜ አግኝተናል። የአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ቁጥር 939 ነው፣ በየበሩ ለጥፉት።

በጥር ያስገባነው ደብዳቤ ኮፒ አለኝ። በውስጥ ጻፊልኝና ፎቶ አንስቼ እልክልሻለሁ፤ የቦታውንና የወሩን ስም ብቻ ቀይራችሁ ተጠቀሙበት።